ድመት በምላሷ የምትሠራው

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ዝግጅታችን በየቤቱ፣ በየሱቁና በየእህል መጋዘኑ ስለምናያት ስለ ድመት ነው። ስለ ድመት ሁሉንም እናውራ ብንል ሰዓቱ አይበቃንም። ስለዚህ አንድ የአካሏን ክፍል ብቻ እንይዛለን፤ ምላሷን።

ድመት እጃችሁን ልሳችሁ ታውቃለች? ካልሆነ ቤታችሁ ያለችውን ድመት ጥሩ፤ ቁስል በሌለበት መዳፋችሁ ላይ ጥቂት ቅቤ ቀቡና አስልሷት። የውሻ ምላስ ለስለስ ያለ ነው፤ እጅ ያረጥባል እንጂ አይፍቅም። የድመት ግን ይሞርዳል። አንድ ቦታ ደጋግማ ከላሰች ቆዳው ቀላ ይላል፣ ያቃጥላል። ብዙዎቻችን ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ግን አንጠይቅም። ዛሬ እንጠይቅ።

ምላሷን ሻካራ ያደረጉት በላይኛው ገጹ ላይ ተደርድረው የበቀሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን እሾሆች ናቸው። ባለሙያዎች ፓፒላ ይሏቸዋል። የሰው ምላስም ፓፒላ አለው፤ የእኛዎቹ ግን ለስላሳና አጫጭር ናቸው። የድመት እሾሆች የተሠሩት ከኬራቲን ነው፤ ጥፍራችንም ሆነ የበሬ ቀንድ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ጠንካሮች ናቸው። ትልልቆቹ ቁመታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ሁሉም ጫፋቸውን ወደ ጉሮሮ አዙረው የተቆለመሙ ናቸው።

ይህን አቅጣጫ አደራ ልብ በሉልኝ። ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይመለከቱም። ዛሬ ከምነግራችሁ ነገር አብዛኛው፣ ድመትን ለሞት የሚዳርጋትን አንድ አደጋ ጨምሮ፣ ከዚህ አቅጣጫ የሚመጣ ነው።

እነዚህ እሾሆች ለረጅም ጊዜ ድፍን ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። በአሜሪካ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ትሠራ የነበረችው አሌክሲስ ኖኤል አንድ ነገር አስተዋለች። የቤተሰቧ ድመት ብርድ ልብስ ሲልስ ምላሱ ክሩ ውስጥ ተሰክቶ ቀረና ለማላቀቅ ሲታገል ቆየ። ኖኤል መሐንዲስ ናትና፣ ይህን ያህል የሚይዝ እሾህ እንዴት ያለ ቅርጽ ቢኖረው ነው ብላ ጠየቀች። ከዚያም ከመምህሯ ከዴቪድ ሁ ጋር ሆና የሞቱ ድመቶችን ምላስ በረቂቅ የራጅ መሣሪያ አነሳች። ውጤቱ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታተመ። እሾሆቹ ድፍን አይደሉም፤ ጫፋቸው ላይ የተቦረቦረ ጎድጓዳ አለ።

ይህ ጎድጓዳ ምን ይሠራል? ኩራዝ የምታውቁ አድማጮች ወዲያው ይገባችኋል። የኩራዝ ክር ታችኛው ጫፉ ጋዙ ውስጥ ከተነከረ፣ ማንም ሳይገፋው ጋዙን ወደ ላይ ይስባል። ፈሳሽ ጠባብ ክፍተት ሲያገኝ በራሱ ተስቦ ይገባል። የድመትም እሾህ ጫፍ እንዲሁ ነው። አፏ ውስጥ ሳለ ምራቅ በራሱ እየተሳበ ጎድጓዳውን ይሞላዋል፤ ምላሷን አውጥታ ጸጉሯን ስትነካ ደግሞ ምራቁ ከእሾሁ ወደ ጸጉሩ ይተላለፋል። በአንድ የቤት ድመት ምላስ ላይ እንዲህ ያሉ ባለ ጎድጓዳ እሾሆች 290 ገደማ ናቸው።

የድመት ጸጉር ሁለት ዓይነት መሆኑን አስታውሱ። ከላይ የሚታየው ረዘም ያለውና ጠንካራው ነው። ከሥር ደግሞ ሙቀት የሚይዝ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር አለ። እሾህ የሌለው ለስላሳ ምላስ ቢሆን ኖሮ የላይኛውን ብቻ አርጥቦ ይመለስ ነበር። ድመት ግን ስትልስ ምላሷ ጸጉሩን ይጫነዋል፤ ጸጉሩ ሲተኛ የእሾሆቹ ጫፍ እስከ ቆዳዋ ይደርሳል። ምራቁ የሚፈለገው ቦታ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ጸጉሩ ተጭኖም ቢሆን ከእሾሁ ቁመት የሚበልጥ ከሆነ ግን አይደርስም። ሰዎች ለመልክ ብለው እያዳቀሉ ጸጉሯን ያስረዘሙት የፐርሺያ ድመት እንዲህ ናት። ጸጉሯ ከምላሷ አቅም በላይ ስለሆነ በራሷ ልትወጣው አትችልም፤ ባለቤቷ በየቀኑ ሊያበጥራት ይገባል፣ አለዚያ ጸጉሯ ይቋጠርና ቆዳዋን ያቆስላታል። ይህ የሰው ሥራ ነውና ኃላፊነቱም የሰው ነው።

ጥናቱ የቤት ድመትን ብቻ አላየም። የድመት ዘመዶች የሆኑት አንበሳ፣ ታይገር፣ የበረዶ ነብር፣ ፑማና ቦብካትም ተካተዋል። ከቤት ድመት ጋር በስድስቱም ላይ ያው ጎድጓዳ ያለው እሾህ ተገኘ። የሚገርመው፣ አንበሳ ከቤት ድመት በክብደት ብዙ እጥፍ ቢበልጥም የእሾሆቹ ቁመት ያን ያህል አይለያይም። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዳችሁ አንበሳ ክንዱን ሲልስ ያያችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁት እቤት ምድጃ ዳር ድመቷ የምትሠራውን ያንኑ ሥራ ነው። ለዱር አራዊቱ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ጥርስ የማይደርስበትን፣ አጥንት ላይ የቀረውን ሥጋ ፍቆ የሚያነሳላቸው ይኸው ምላስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ድመቷ ስትልስ ቀረብ ብለን እንያት። ከእንቅልፏ ነቅታ ተንጠራርታ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ምላሷን ታወጣለች። ቀጥሎ ምላሱ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ይወጠራል፤ ሲወጠር እስከዚያ ተኝተው የነበሩት እሾሆች ይቆማሉ። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ላይ እያነሳች ምላሷን በጸጉሯ ላይ ትጎትተዋለች። በመጨረሻ ምላሷን አጥፋ ወደ አፏ ትመልሳለች፤ እሾሆቹ እንደገና ምራቅ ይሞላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጣም ፈጥኖ ስለሆነ ለእኛ አንድ ነጠላ እንቅስቃሴ መስሎ ነው የሚታየን። ፈጣን ካሜራ ነው ለይቶ ያሳየው።

እሾሁ ከሥሩ ትንሽ የመዞር አቅም አለው። የተቋጠረ ጸጉር ሲያጋጥመው ዞር ይልና ጠልቆ ይገባል፤ ጫፉ ቋጠሮውን እየሳበ ይፈታዋል። ኖኤልና ሁ ይህንን አስመስለው በስሪዲ ፕሪንተር ብሩሽ ሠርተዋል። ብሩሹ ከተለመደው ብሩሽ ያነሰ ኃይል የሚጠይቅ ሲሆን፣ የያዘውን ጸጉር በእሾሆቹ አቅጣጫ ጠረግ ሲያደርጉት በቀላሉ ይለቃል። በእንስሳት ቆዳ ላይ መድኃኒት ለማድረስም ይጠቅማል ብለው አስበዋል።

ድመት ነቅታ ከምትቆይበት ጊዜ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ራሷን በመላስ ታሳልፋለች። ይህን ያህል ጊዜ ለንጽሕና ብቻ አታጠፋውም። ቁንጫና የረገፈ ጸጉር ታስወግዳለች፣ የምግብ ሽታ ከላይዋ ታጠፋለች፤ አድፍጣ የምታድን እንስሳ ሽታዋ ቀድሟት እንዲሄድ አትፈልግም። ሙቀትም አለ። እኛ ሲሞቀን ሰውነታችን በሙሉ ያልበናል፤ ላቡ ሲተን ያበርደናል። ድመት ግን የምታልበው በእግሯ መዳፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ላብ የሚሠራውን ሥራ ምራቋ ይሠራላታል። እስከ ቆዳዋ የገባው ምራቅ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በዚያው ጥናት እንደተሰላው፣ ድመት ለመቀዝቀዝ ከሚያስፈልጋት እስከ ሩብ የሚሆነውን በዚህ መንገድ ታገኛለች። በበጋ ቀትር ላይ ድመታችሁ ጥላ ሥር ሆና ስትልስ ብታዩዋት፣ አንድም ሙቀቷን እያበረደች ነው።

ምላሷ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ ፊቷና ጭንቅላቷ። ለዚህ መላ አላት። የፊት እግሯን ትልስና በረጠበው መዳፍ ከጆሮዋ ጀርባ አንስታ እስከ አፍንጫዋ ታሻሸዋለች፣ እንደገና ትልሰዋለች፣ እንደገና ታሻሻለች። የሚዋደዱ ሁለት ድመቶች ካሉ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይላላሳሉ፤ በአብዛኛው የሚላላሱትም ጭንቅላትና አንገታቸውን ነው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው በራሳቸው የማይደርሱበትን።

ወደ አቅጣጫው ጉዳይ ልመልሳችሁ። እሾሆቹ ወደ ጉሮሮ ስለተቆለመሙ፣ ምላሷ ላይ የተያዘ ጸጉር መሄጃው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ። ድመት እንደ እኛ እንትፍ ብላ ልትተፋው አትችልም። ትውጠዋለች። አብዛኛው በአንጀቷ አልፎ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የቀረው ጨጓራዋ ውስጥ ይጠራቀምና አንድ ቀን ሳል የመሰለ ድምፅ እያሰማች፣ ሆዷ እየተኮማተረ፣ ሞላላ የጸጉር ጥቅል ታስመልሳለች። አልፎ አልፎ ከሆነ አያስደነግጥም። በየጊዜው ከሆነ፣ ወይም ማስመለስ እየሞከረች ምንም ካልወጣትና ምግብ ከተወች ግን የእንስሳት ሐኪም ማየት አለባት።

ለሞት ይዳርጋታል ያልኳችሁ አደጋ ክር ነው። አደራ በጥሞና አድምጡኝ።

በአገራችን ክር የሌለበት ቤት የለም። እናቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ከልብስ ሰፊው መኪና ሥር ቁርጥራጭ ክር ይበተናል፤ ሹራብ የሚሠራ አለ፤ መርፌ ከነክሩ ትራስ ላይ ተሰክቶ የሚያድርበት ቤት አለ። ድመት ደግሞ በክር መጫወት ትወዳለች። እኛም ስትጫወት አይተን እንስቃለን። ነገር ግን ክሩ አንዴ ምላሷ ላይ ካረፈ እሾሆቹ ይይዙታል። ልትተፋው ብትፈልግም አትችልም፤ ምላሷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ክሩ ወደ ጉሮሮዋ ይገፋል። ስለዚህ ትውጠዋለች። አንዳንዴ የክሩ አንድ ጫፍ ከምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ይቀራል፤ ሌላው ጫፍ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ወደ አንጀቷ ይወርዳል። አንጀት የገባበትን ነገር ወደፊት መግፋት ሥራው ነው። ክሩን ሊገፋው ይሞክራል፤ ክሩ ግን ላይ ተይዟልና አይሄድም። በዚህ ጊዜ አንጀቷ ራሱ በክሩ ላይ እየተሸበሸበ ይሰበሰባል። ክሩ እየተወጠረ የአንጀቷን ግድግዳ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ የቀራት ተስፋ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እርሱም በጊዜ ከተደረሰላት።

ስለዚህ ከድመታችሁ አፍ ወይም ከበስተኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ብታዩ፣ አትሳቡት። እጃችሁ ይሳብ ይሳብ ቢላችሁም ተዉት። ክሩን ስትስቡት በውስጧ የተጠመጠመበትን አንጀት ትቆርጣላችሁ። ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ድመታችሁ ደጋግማ ካስመለሰች፣ ምግብ እንቢ ካለች፣ ተኮራምታ ከተቀመጠች፣ ቤት ውስጥም ክር እንደነበር ካወቃችሁ፣ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። ከምላሷ ሥር ገልጦ እንዲያይ ይረዳዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክሩንና መርፌውን ሥራ ሲያበቃ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ከዚሁ የማይርቅ ሌላ ጉዳይ አለ። ድመት ገላዋ ላይ ያረፈውን ነገር ሁሉ ትልሳለች፤ የላሰችውን ሁሉ ትውጣለች። እንግዲህ ጸጉሯን የነካ ነገር ሁሉ ሆዷ ገባ ብላችሁ ቁጠሩት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ላይ ተኝታ የመጣች ድመት፣ ቀለም የፈሰሰባት ድመት፣ ነጭ ጋዝ የነካት ድመት መርዙን ራሷ ነው የምትጨርሰው። ቶሎ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቧት፣ እስክትታጠብም እንዳትልስ ያዟት፣ ከዚያም ሐኪም ያያት።

በተለይ ፔርሜትሪን ከሚባለው የቁንጫ መድኃኒት ተጠንቀቁ። ለውሻ ተብለው በሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች ውስጥ አለ። ውሻ ይቋቋመዋል፤ ድመት ግን አትቋቋመውም። በቆዳዋም ይገባል፣ በምላሷም ይገባል፤ ጉበቷ እንዲህ ያለውን ኬሚካል ሰብሮ ለማስወገድ አቅሙ ደካማ ነው። ትንቀጠቀጣለች፣ ይጥላታል፣ ልትሞትም ትችላለች። ውሻና ድመት አብረው የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ውሻው በተቀባ ሰሞን ድመቷ እንዳትልሰው ለዩዋቸው። እግረ መንገዴን፣ ድመት ታመመችብን ብላችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት። ለእኛ ማስታገሻ የሆነው ለእርሷ መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ስለ አለርጂም አንድ ነገር ልበል። ድመት ያለበት ቤት ሲገቡ የሚያስነጥሳቸው፣ ዓይናቸው የሚቀላ፣ ደረታቸው የሚታፈን ሰዎች አሉ። ብዙዎች የድመት ጸጉር ነው ይላሉ። ዋናው ምክንያት ግን በድመት ምራቅና በቆዳዋ የቅባት እጢዎች ውስጥ የሚሠራ አንድ ፕሮቲን ነው። በምላሷ ጸጉሯ ላይ ትቀባዋለች፤ ሲደርቅ ረቂቅ ብናኝ ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ድመቷ ከክፍሉ ከወጣች በኋላም ሰውየው የሚያስነጥሰው። አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ድመቷን ቢያንስ ከልጁ መኝታ ክፍል አርቋት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ውሃ አጠጣጧ እንሂድ። ላም፣ በግና ፈረስ ውሃ ሲጠጡ ከንፈራቸውን ገጥመው ይመጥጣሉ። ድመት ይህን አትችልም፤ አዳኝ አፏ ሰፊ ሆኖ እንዲከፈት ስለተሠራ ጉንጯ አይገጥምላትም። ስለዚህ በምላሷ ነው የምትጠጣው። ግን እንዴት? ውሻ ምላሱን ወደ ኋላ አጥፎ ውሃው ውስጥ ይዘፍቀዋል፣ እየረጨ ያወጣዋል፤ ዙሪያው ይረጥባል። ድመት ስትጠጣ ግን ጺሟ እንኳ አይረጥብም።

ይህን የፈቱት በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ አራት ተመራማሪዎች ናቸው። አንዱ ሮማን ስቶከር ቁርሱን እየበላ ሳለ ድመቱ ውሃ ሲጠጣ ተመልክቶ ነገሩን ማሰላሰል እንደጀመረ ተናግሯል። በፈጣን ካሜራ ቀርጸው በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙት። ድመት ምላሷን ውሃው ውስጥ አትዘፍቅም። ጫፉን ወደ ታች አጥፋ የውሃውን ፊት ብቻ ትነካዋለች። የምትነካበት ቦታ፣ የምላሷ የመጨረሻ ጫፍ፣ እሾህ የሌለበት ለስላሳ ቦታ ነው። ከዚያ ምላሷን በፍጥነት ወደ ላይ ትስበዋለች። ምላሱ ላይ የተጣበቀው ውሃ ሌላውን ውሃ አስከትሎ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከሳህኑ እስከ አፏ ለቅጽበት አንድ ቀጭን የውሃ ዓምድ ይቆማል። የተነሳው ውሃ በራሱ ግስጋሴ ወደ ላይ መሄድ ይፈልጋል፤ የመሬት ስበት ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስበቱ አሸንፎ ዓምዱ ከመበጠሱ በፊት፣ ዓምዱ በወፈረበት ቅጽበት፣ ድመቷ አፏን ትገጥማለች። ውሃው ተቆርጦ አፏ ውስጥ ይቀራል።

ይህንን በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ትደጋግመዋለች። በእያንዳንዱ የምታገኘው ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ሳህን ውሃ ላይ ረጅም ጊዜ የምትቆየው። ተመራማሪዎቹ አንበሳና ታይገርም ሲጠጡ አይተዋል። መንገዱ ያው ነው፤ ምላሳቸው ትልቅ በመሆኑ ግን ዝግ ብለው ነው የሚጠጡት። ፍጥነቱ የምላሱን ስፋት ተከትሎ ይለዋወጣል፤ የተመራማሪዎቹ ስሌትም የእንስሳቱን ትክክለኛ ፍጥነት ተቀራራቢ አድርጎ ይሰጣል። እኔ ስለ እንስሳት ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው፤ ማንም ሳያስተምራት ስበትንና ግስጋሴን እንዲህ አመዛዝና ትጠጣለች።

ምላስ ካነሳን ጣዕምን መተው አይቻልም፤ አጠር አድርጌ ላልፈው ነበር፤ ግን ለቤታችን ድመት የሚጠቅም ቁም ነገር አለበት። ድመት ጣፋጭ አይጣፍጣትም። ስኳር በምላሷ ላይ ምንም አይደለም። በፊላዴልፊያ የሚገኘው የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ምክንያቱን አገኙት። ጣፋጭን የሚለየው መቀበያ ከሁለት ፕሮቲኖች ተጣምሮ ነው የሚሠራው። የድመት አንደኛው ፕሮቲን አይሠራም፤ መመሪያውን የያዘው ዘረ መል ላይ 247 ፊደላት ጎድለዋል። ታይገርና አቦሸማኔም እንዲሁ ናቸው። በእርግጥ ኬክ የምትበላ ድመት አይታችሁ ይሆናል። የሳባት ቅቤውና ወተቱ እንጂ ስኳሩ አይደለም።

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ የግድ ሥጋ በል። ሰው ያለ ሥጋ ኖሮ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ውሻም ብዙ ነገር ይችላል። ድመት ግን ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ታውሪን ካጣች ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧ ይደክማል። ይህን የምለው የጾም ወራት ሲመጣ በብዙ ቤት ድመቷም አብራ ስለምትጾም ነው። ሽሮ በእንጀራ ይሰጣታል፣ ትተወዋለች፣ ጠገበች ይባላል። እርሷ ግን አልጠገበችም። አይጥ የሚገኝበት ቤት ከሆነ ትችለው ይሆናል፤ ካልሆነ ከሥጋ ቤት ጥቂት ቁርጥራጭ ወይም የዶሮ ሆድ ዕቃ አብስላችሁ ስጧት። ጾሙ የእናንተ ነው፤ ለእርሷ መስጠት ጾማችሁን አይሽርም።

ወጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ ደም ማነስ ያመጣባታል። ፍርፋሪ ሥጋ ስትሰጧት ከወጡ ውስጥ ሳይሆን፣ ወጡ ከመሠራቱ በፊት ከተቆረጠው ጥሬ ሥጋ ላይ አንስታችሁ ቀቅላችሁ ስጧት።

አሁን ደግሞ ስለ እናት ድመት። ስትወልድ የምላሷ ሥራ የሚጀምረው በዚያችው ደቂቃ ነው። ግልገሉ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ሽፋኑን ልሳ ትቀደዋለች፣ አፍና አፍንጫውን ታጸዳለች። ምላሷ ሲፍቀው ግልገሉ ይነቃቃና መተንፈስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ግልገሎቿ ሽንትም ሆነ ዓይነ ምድር በራሳቸው አይወጣላቸውም። ከጠቡ በኋላ እናታቸው ሆዳቸውንና ከጅራታቸው ሥር ስትልሳቸው ነው የሚወጣላቸው። ስለዚህ እናቷ የሞተችባትን ግልገል ለማሳደግ የምትሞክሩ ሰዎች፣ ወተት መስጠት ብቻ እንደማያድናት እወቁ። ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ፣ ከመገባችኋት በኋላ ከጅራቷ ሥር በቀስታ አሻሹላት። ይህን ያላወቁ ደግ ሰዎች ብዙ ግልገል ሞቶባቸዋል። የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጣታል፤ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ከተገኘ እርሱን፣ ካልተገኘም ምን መስጠት እንደሚሻል የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

የመጨረሻው ጉዳያችን የእኛው ጤና ነው። የእንስሳ ምራቅ ቁስል ያድናል የሚል እምነት ስላለ ቁስላቸውን ለድመት ወይም ለውሻ የሚያስልሱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን ተዉ። በድመት አፍ ውስጥ ቁስልን የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ መኖሩ ነው። በሽታውን ብዙውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች፤ መንገዱም ምራቅ ነው። ጤናማ፣ ያልተጫረ ቆዳን ብትልስ አያስጋም። የተጫረ ወይም የቆሰለ ቆዳን፣ ወይም ዓይንና አፍን በምራቋ ከነካች፣ ወይም ከነከሰችና ከቧጨረች ግን ቦታውን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ታጥቤዋለሁና ይበቃል ብላችሁ እቤት አትቀመጡ፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይመጣ የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ድመታችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ።



(የመውጫ ሙዚቃ)